ሴንቴዋን ያስለቀሳት ጥቁር ሳህን

ስሙኝማ፣ ሴንቴዋን የተዋወቅኳት ገና ያልደረቀ ሳህኗ ላይ ተቀምጬ ነው። ጭቃ ተሸክሜ ግቢያቸው ገባሁ፣ ደከመኝ፣ ዞር ብዬ ሳላይ ቁጭ!

«ተመችቶሃል?» አለችኝ።

ቀና ስል... በቃ፣ ጥያቄዋን ረሳሁት።

«ኩዊኒ እባላለሁ» አልኳት።

«ስምህን ማን ጠየቀህ? ተነስ እንጂ።»

ካሳ ይሁን ብዬ ለአባቷ ለያኦትል ጭቃ ስረግጥ ከረምኩ። ያኦትል በቾሉላ ከተማ ስሙ የገነነ ሳህን ሠሪ ነው። እሷ ቀለም ስትቀባ እኔ ጣቶቿን አያለሁ። እሷም ታየኝና ትስቃለች። እንዲህ እንዲህ ስንል ተዋደድን።

አባቷ ሲሰማ አልተቆጣም። «በእጅህ ያስጌጥከውን ሳህን አሳየኝ» አለኝ። «ከነገ ወዲያ የጨው ነጋዴው የሚልካቸው አሮጊቶች ልጄን ለልጁ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ያንተ ካላማረኝ ለነሱ እሺ ነው የምለው።»

ሴንቴዋ ሦስት ቀን በወንዝ ጠጠር አሽታ ያብለጨለጨችውን፣ በእሳት ተጠብሶ የወጣ ቀይ ሳህን ሰጠችኝ።

«አደራ» አለች።

እኔ እንግዲህ የምዕራቡ፣ የሐይቁ አገር ልጅ ነኝ። እነሱ እንዲታይ የሚፈልጉትን በቀለም ይሥላሉ። እኛ ደግሞ የምንፈልገውን በጭቃ ሸፍነን ሳህኑን በጭስ እናጠቁረዋለን። ጭቃው ሲነሳ ሥዕሉ ከሥሩ በቀይ ይወጣል። ይሄን አልነገርኳትም። ላስደንቃት ነበራ!

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ሳህኑን ከጭሱ ሳወጣው ሴንቴዋ ከች አለች።

«ምን አደረግከው?»

«ቆይ፣ ገና...»

«ሦስት ቀን ያሸሁትን እኮ ነው፣ የድስት ቂጥ አስመሰልከው።» እንባዋ መጣ። «ካልፈለግከኝ አልፈልግሽም ማለት አቃተህ?»

«ሴንቴዬ፣ ይቀዝቅዝና ላሳይሽ። አሁን ውሃ ከነካው ይሰነጠቃል...»

«አሮጊቶቹ መጥተዋል። እሺ ልላቸው ነው» ብላኝ ሄደች።

ሳህኑን በኩታዬ ጠቅልዬ፣ ደረቴን እያቃጠለኝ፣ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ። ስደርስ ቀዝቅዟል። አሮጊቶቹ ቁጭ ብለው በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ዳቦ ይበላሉ።

ያኦትል አየና «ይሄ ነው ሳህንህ?» አለ።

«ባቄላ አርሮበት ነው?» አለች አንዷ አሮጊት።

«ውሃ ስጡኝ» አልኩ። ማንም አልተነሳም። ራሴው ከእንስራው ቀዳሁና በአውራ ጣቴ ማሸት ጀመርኩ። ጭቃው ተላጠ። ቀይ መንቆር ወጣ። ከዚያ ዓይን። ከዚያ ረጅም የዳክዬ አንገት።

ሴንቴዋ መጥታ ከጎኔ ተንበረከከች። «ስጠኝ» አለችና የቀረውን ራሷ አሸችው። ሁለተኛዋ ዳክዬ፣ አንገቷን ከመጀመሪያዋ ጋር አቆላልፋ፣ ከጣቷ ሥር ወጣች።

«ይሄን ቀይ ከየት አመጣኸው?» አለች ቀስ ብላ።

«ያንቺው ነው። እኔ ጭስ እንዳይነካው ሸፈንኩት እንጂ...»

ያኦትል ሳህኑን ተቀብሎ አገላበጠው፣ ወደ ብርሃን አወጣው፣ መልሶ አገላበጠው።

«እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» አለ።

«ለአማቴ ብቻ ነው የምነግረው፣ አባባ።»

አሮጊቷ ሳቋ አመለጣት። «እኛ እንሂድ» አለቻት ጓደኛዋን። «ይሄ ቤት ጨው አልጎደለውም።»

በአሥረኛው ቀን ሰርጋችን ሆነ፣ እንደ አገሩ ደንብ ኩታዬንና ቀሚሷን አንድ ላይ ቋጠሩልን። ቋጠሮው ሲጠብቅ ሴንቴዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ኩዊኒ... ሁለተኛ ሳትነግረኝ እንዳታጠቁር።»

«እሺ» አልኳት።