በራስ ቁሩ ቀዳዳ

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተመራማሪ ሬሳ ሆኖ ነበር። ቀን ሰማዩ በሚጠቁርበት ከፍታ የአየር ናሙና ሲለቅም ስምንት ሰዓት ሊቆይ ወጥቶ፣ በሦስተኛው ሰዓት ምሳውን ቀመሰ። ያችው ቅምሻ የመጨረሻው ሆነች።

እዚያ ላይ የሚበላው እንደኛ ምሳ እንዳይመስላችሁ። በራሪው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ቁሩ ድፍን ልብስ ውስጥ ነው፤ ቁሩን ከከፈተ ይሞታል። ስለዚህ ምግቡ ተፈጭቶ እንደ ጥርስ ሳሙና በሚጨመቅ ቱቦ ይታሸግለትና፣ በቁሩ ቀዳዳ በምትገባ ጠንካራ ስትሮ ይመጥጠዋል።

ቱቦውን ያሸገችው የምግብ አዘጋጇ ናት። የጣቢያው አዛዥ ከዚያ በላይ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ እጇን አሳስሮ ዕቃ ቤት ቆለፈባት። መርማሪዋን የጠራትም የክሱን ወረቀት እንድትፈርምለት ነበር። እሷን ደግሞ ሰዉ «ወንፊት» ይላታል፤ ገለባ አታሳልፍም።

መጀመሪያ ሐኪሙን ያዘች።

«ምን ዓይነት መርዝ ነው?»

«መርዝስ አይደለም፤ የማስመለሻ መድኃኒት ነው። መሬት ላይ ቢሆን አስመልሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይስቅ ነበር። ቁሩ ግን አይከፈትም። በገዛ ትውከቱ ታፈነ።»

«ቶሎ?»

ሐኪሙ አቀርቅሮ «አይ» አለ።

አብራሪው የያዘውን የውሃ ብርጭቆ አስቀመጠ። «በሬዲዮ እሰማው ነበር። ‹ክፈትልኝ› ይለኛል። በምን እጄ? ለመውረድ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ ገና ሳላጋምስ ዝም አለ።»

ልብስ ክፍል ያገኘችው ልብስ አልባሹን ነው፤ በራሪዎቹን የሚያለብስም የሚያወልቅም እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስትሮዎች ተጋድመዋል። በአንዷ ላይ የሥጋ ፍጭት ደርቋል፤ ሌላዋ ታብረቀርቃለች።

«ይቺ ንጹሗ የማን ናት?»

«የሟቹ።»

«የታሰረችው የሚስትህ እህት ናት አሉ?»

«ታናሿ ናት። ምን ላድርግ፣ እትዬ? እጇ ሳይስት አልቀረም።»

በማግስቱ ሁሉንም መመገቢያ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ምግብ አዘጋጇም እንደታሰረች መጣች። ወንፊት ሟቹ ቀምሶ ያስተረፈውን የኮክ ፍጭት ቱቦ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ክዳኑን ፈታ አፏ ውስጥ ጨመቀችው።

ሐኪሙ ዘለለ። አዛዡ ተሳደበ። አብራሪው ክንዷን ያዛት። ምግብ አዘጋጇ «ኧረ በልጆችሽ!» ብላ ጮኸች።

ወንፊት ዋጠች፤ ከንፈሯን ጠረገች።

«ስኳር አንሶታል። ደፋር መሰልኳችሁ? ጠዋት ለጥበቃው ውሻ አቅምሼው ይኸው ጭራውን ይቆላል። ምግቡ ንጹሕ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ በምን ገባ? በስትሮዋ፤ ውስጧ ተቀብቶ ደርቋል፤ የመጀመሪያዋ ምጥጫ ይዛው ሄደች። ሰው ሞቶ ሲመጣ ምንም እንዳይታጠብ የሚለው ደንባችሁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የአብራሪው ስትሮ እንደቆሸሸች ናት፤ የሟቹ ብቻ ታጥባለች። አሁን ደግሞ ሁላችሁ ስትደነግጡልኝ አንዱ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ምግቡ ደህና መሆኑን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሱ ነበራ!»

ዓይን ሁሉ ወደ ልብስ አልባሹ ዞረ። እግሩን አልፈታም።

«እኔም በራሪ ነበርኩ። ‹ጆሮው ታሟል› ብሎ ለአለቆች ጽፎ ከሰማይ ያወረደኝ ያ ሟች ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተንበርክኬ ጫማውን አሰርኩለት።»

«እንዲህ እንደሚሞት ታውቅ ነበር?» አለ አብራሪው።

«ሬዲዮው እኔም ክፍል ይሰማል። ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳምጬዋለሁ።»

ምግብ አዘጋጇ የታሰሩ እጆቿን ዘረጋች። «እኔስ ጋሼ? እኔ ምን አደረግኩህ?»

«አንቺማ ምንም። ትናንት ሁሉንም ለእህትሽ ነገርኳት፤ ‹እኛ ልጆች አሉን፤ እሷ ብቻዋን ናት፣ ትቻለው› አለችኝ።»

ወታደሮቹ ይዘውት ወጡ። አዛዡ ይቅርታ ሳይል ገመዱን አስፈታላትና «በይ፣ ወደ ቤትሽ» አላት።

እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። የምትኖረው እህቷ ቤት ነው።