ግራ ዳኛ ይቅደም

«ቆሮሶ ነው የምትፈልጊው ወይስ አምባዛ?»

«አምባዛ። ጭንቅላቱ ይነሳልኝ።»

መለያ ቃሉ ልክ ነው። ዓሣ ሻጩ ቢላዋውን አነሳ። አዘዘ ይባላል፤ የስለላው መሥሪያ ቤት ባሕር ዳር ላይ ያስቀመጠው የእናትዓለም አለቃ ነው። ዛሬ በጣና ዳር ሽርጥ አገልድሞ ቅርፊት ይፍቃል። እሷ ደግሞ የሐይቅ ዳር ይዞታ ችሎት ጸሐፊ ናት። እናትዓለም የሚለውም ስም እንደ ሥራው ሁሉ የተዋሰችው ነው።

«ግራው ትናንት ምን አለ?»

«መሬቱ ለገበሬዎቹ ሳይሆን ለማኅበሩ ይገባል አለ።»

«ሌሎቹስ?»

«እንደ ልማዳቸው አስወጡኝ።»

በችሎቱ ላይ ሦስት ዳኞች ይሰየማሉ። መኻል ሰብሳቢው ኃይለ ገብርኤል፣ በቀኝ በማዕረግ የሚከተሏቸው ዳኛ፣ በግራ የሁሉም ታናሽ የሆነው ፍሬ ስብሐት፣ የደልጊው መሪጌታ ልጅ። በሩ ተዘግቶ ምክክር ሲጀመር ግን ተራው ይገለበጣል፤ ቀድሞ የሚናገረው ግራው ነው። ታላቅ ከቀደመ ታናሹ ዳኛ መሆኑ ቀርቶ አሜን ባይ ይሆናል ይላሉ ሰብሳቢው። የግራውን ሐሳብ እናትዓለም ትጽፋለች። ከዚያ «ልጄ፣ በሩን ዝጊልን» ይሏታል፤ ታላላቆቹ ሲከራከሩ ጸሐፊ አይሰማም።

ከዚህ ክፍል ምስጢር ይወጣል። «ጉማሬ» የሚል የምስጢር ስም የተሰጠው ነጋዴ፣ ፍርድ ሳይነበብ የሚያሸንፈውን ወገን እያወቀ፣ ሰውየው ማሸነፉን ሳይሰማ መሬቱን በርካሽ ያዋውለዋል። ከዚያ የሐይቁን ዳር ማንነታቸው ለማይታወቅ የውጭ ሰዎች ያስተላልፋል። የእናትዓለም ተልእኮ ምስጢሩን የሚሸጠውን ዳኛ ማግኘት ነበር።

አዘዘ ዓሣውን ጠቀለለላት። «በቃ፣ ስም ስጪኝ። አዲስ አበባ ያሉት ታክቷቸዋል።»

ጉማሬ የሚያዋውለው ሁልጊዜ ግራው የፈረደለትን ወገን ነው። ሌላ ማስረጃ የላትም። ፍሬ ስብሐት ትሑት ሰው ነው፤ ሻይ ስታቀብለው ብድግ ብሎ ይቀበላታል። ይህም ትሕትና ሊያስጠረጥራት ጀምሮ ነበር፤ ሙያው ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

«ግራው ነው» አለች።

በማግስቱ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል፤ የፍሬ ስብሐት ያለመከሰስ መብት ከማለዳ ተነሥቷል። ሰብሳቢው ፍርዱን አነበቡ።

በአብላጫ ድምፅ መሬቱ ለገበሬዎቹ ተወሰነ። ግራ ዳኛው በሐሳብ ተለይተዋል።

ከኋላ ወንበር የጉማሬ ጉዳይ ፈጻሚ አመዱ ቡን አለ።

የእናትዓለም ጣቶች መጻፍ አቆሙ። ጉማሬ ከማኅበሩ ጋር ተዋውሏል ማለት ነው። ከተረታው ጋር! ምስጢሩን የሸጠው ፍሬ ስብሐት ቢሆን እስከ መጨረሻው ክፍሉ ውስጥ ነበርና ሐሳቡ መሸነፉን ያውቅ ነበር። የመጀመሪያውን ሰምቶ የመጨረሻውን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ አለ።

እሷ።

እሷም የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ካቴናው ጠቅ አለ። ፍሬ ስብሐት ካባውን እንደለበሰ ባለጉዳዮቹን አየ። «ፍርድ አልሸጥሁም» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ተነሥታ መናገር ትችል ነበር። ግን ከተናገረች አዘዘም ጉማሬም ያመልጣሉ። አንገቷን ደፍታ መጻፏን ቀጠለች፤ በዚያች ሰዓት ራሷን ጠላችው።

ከአዘዘ በላይ ላለው አለቃ፣ «ዋርካ» ለሚሉት፣ የደረሰችበትን በሌላ መስመር ላከች። ወጥመዱም ተጠመደ። በግራ ወንበር ማኅሌት የምትባል ዳኛ ተተካች። እናትዓለም ማኅሌት ያላለችውን እንዳለች አድርጋ ለአዘዘ ነገረችው። እኩለ ቀን ሳይሆን ጉማሬ ያንኑ ወሬ ይዞ ውል ሊፈራረም ሲሄድ የዋርካ ሰዎች አፈፍ አደረጉት።

አዘዘ የጉማሬን መያዝ አልሰማም። ሌላ ነገር ግን ሰምቷል። በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ እንሂድ አላት።

ዳርቻው ራቀ።

ስልኳን ተቀብሎ ሐይቁ ውስጥ ጣለው።

«ማኅሌት መዝገቡን ገና አልከፈተችም።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ለአንተ ብቻ የነገርኩህ ነገር የት እንደሚደርስ ለማየት።»

አዘዘ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ።

ሞተሩ ጠፋ።

ጀልባ ነጂው ሀዲስ ሽጉጡን በአዘዘ ማጅራት ላይ ደግኗል። «እጅህን በቀስታ አውጣ» አለው። ዋርካ የላከው እሱን ነበር። አዘዘ ሳቅ ብሎ አያት። የግራውን ስም የሰጠሽኝ ግን አንቺ ነሽ አላት።

ተልእኮው ተሳካ። እናትዓለም ዋርካን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍሬ ስብሐት ንጽሕና በአደባባይ ይነገር። ዋርካ እንቢ አለ። ንጹሕ ነው ከተባለ ታዲያ ማን ነበር ይባላል፤ ሥራችን ይገለጣል አላት። ፍሬ ስብሐት «በማስረጃ ጉድለት» ተለቀቀ። ወንበሩ ግን አልተመለሰለትም። በከተማው ደግሞ እሳት በሌለበት ጭስ አይጨስም ተባለ።

ልትሰናበት ባለችበት ቀን ፍሬ ስብሐት ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ባልደረቦቹ ከኮሪደሩ ዞር ዞር አሉ። መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ከታ፣ ካባውን አጣጥፋ ሰጠችው።

«ክቡር ዳኛ፣ ይኸውልዎት።»

«አንተ በይኝ፤ ከእንግዲህ ዳኛ አይደለሁም» አለ። ካባውን ግን አልተቀበላትም። «እዚሁ ይቅር። ደልጊ ስገባ ካባ ምን ያደርግልኛል?» ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበ። «በዚህ ቤት ፊቷን ያላዞረችብኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ለአባቴ ነግሬዋለሁ። በጸሎቱ ሊያስብሽ ይፈልጋል። የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

እኔ ነኝ የጣልኩህ ልትለው ፈለገች። እግሩ ላይ መውደቅ አማራት። ቢያንስ ትክክለኛ ስሟን ልትሰጠው ትችል ነበር፤ የክርስትና ስሟን መሥሪያ ቤቱም አያውቀውም።

ግን በምን ፊቷ? ያ ሽማግሌ ሌሊት ተነሥቶ ልጁን ላዋረደች ሴት ምሕረት ሲለምን ታያት። ጸሎቱ እንዳይደርሳት ፈለገች።

«ወለተ ኪዳን» አለችው።

ስሟ አልነበረም። ፍሬ ስብሐት እንዳይረሳው ደጋግሞ በአፉ አለው፤ ካርቶኑን ተሸክሞም ወጣ። እሷ በማታው አውቶቡስ ባሕር ዳርን ለቀቀች።