ሥዕል የጠበቀው መስታወት

የፊት መስታወት የሌለው መኪና በዚያ አቧራና ውርጭ እህል ጭኖ ሙጃ ከተማ ይደርስ ይሆን? በጥር ወር ፲፱፻፸፯ ዓመተ ምሕረት፣ የላስታ ተራራ ለከብት ሣር ለሰው እህል በነፈገበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ ሙሉሃብት በላሊበላ የእርዳታ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ይህን ያወጣና ያወርድ ነበር።

ሙሉሃብት የላስታ ልጅ ነው። መንግሥት ቼኮዝሎቫኪያ ልኮ የመኪና መስታወት አሠራር አስተማረው፤ ሲመለስ የሚሠራበት ፋብሪካ ስላልነበረ በእርዳታ መኪኖች ጥገና ላይ መደበው። በተወለደበት አገር እንደ እንግዳ እየታየ፣ መመለሱ ይበጅ አይበጅ ሳይለይለት በሁለት ልብ ይኖር ነበር።

የመኪናው ሾፌር ሸዕባን የቆቦ ሰው ነው፤ መስታወቱ ከረገፈ ወዲህ ፊቱን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በጠባብ ቀዳዳ እያየ ይነዳል።

«ከሚስቴ ከሂንድ ይልቅ እኔ ተሸፋፈንሁ እኮ!» እያለ ያስቅ ነበር።

እህሉን የሚያስጭነው ካድሬ ጓድ ፈንታው ግን አልሳቀም። «ሙጃ ላይ የውጭ እንግዶች ፎቶ ያነሣሉ። አብዮታዊት ኢትዮጵያ ጥርሱ የወለቀ መኪና አታሳይም። መስታወት ሳይገባለት አይንቀሳቀስም!»

ይህን የሰሙት የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ መሪጌታ እንግዳው፣ ሁለት ሰፋፊ መስታወቶች በነጠላ ጠቅልለው አመጡ፤ የእመቤታችንን ሥዕል ከአቧራ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው።

«ሕዝቧ እያለቀ ለሥዕሏ መስታወት ምን ያደርግላታል? ግጠመው ልጄ። እሷን የጠበቀ አይሰበርም።»

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የመኪና መስታወት እንዲህ አይደለም» አለ ሙሉሃብት። «ሁለት ስስ መስታወት ተደራርቦ በብረት ቅርጽ ላይ ይተኛና እቶን ይገባል፤ ሲለሰልስ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በመካከሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ይነጠፋል፤ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፤ ከዚያም በብርቱ ሙቀትና ግፊት ተጣብቆ አንድ ገላ ይሆናል። ድንጋይ ቢመታው ይሰነጠቃል እንጂ ስባሪው ከላስቲኩ አይለቅም። ይህኛው ግን ከተሰበረ ቢላዋ ነው።»

«እኔ እመቤታችንን እልሃለሁ፤ አንተ ላስቲክ ትለኛለህ?» አሉ መሪጌታ ቅር ብሏቸው።

ሸዕባን ጣልቃ ገባ። «ተወው ወንድሜ! መርየምን የጠበቀ ለኔ ያንሳል? ወላሂ፣ ብርዱ ደረቴን ጨረሰው።»

ሙሉሃብት ወደ ካድሬው ዞረ። «ጓድ፣ እስከ ዛሬ እንደሄደው ያለ መስታወት ይሂድ። በጋቢው ይሻለዋል።»

«አንተ ከማን ጋር ነህ?» አለ ጓድ ፈንታው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እህሉ እንዳይደርስ የሚፈልጉ አሻጥረኞች አሉ። እናውቃቸዋለን።»

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ተጠርቶ ሲሄድ እንጂ ሲመለስ አይታይም ነበር። ሙሉሃብት የመስታወት መቁረጫውን አነሣ። በመስኮቱ መካከል የወይራ ምሰሶ አቆመ፤ አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ሸንሽኖ በዙሪያው ጠቀጠቀ፤ ሁለቱን መስታወቶች ግራና ቀኝ ገጠመ። ጓድ ፈንታው ፊቱን አየበትና ኮፍያውን አስተካከለ።

በማግስቱ ጉዞ ሆነ። ሙሉሃብት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ ሸዕባን ጋቢውን ከፊቱ ገፎ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ያንጎራጉር ነበር። ሙጃ ሊገቡ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከፊታቸው ይሄድ የነበረው ሌላ የእህል መኪና ጎማ ድንጋይ አስፈነጠረ። በሾፌሩ በኩል ያለው መስታወት እንዳለ ወደ ውስጥ ረገፈ።

«ያ አላህ!» አለ ሸዕባን፤ እግሩን ግን ከፍሬኑ አላነሣም፤ መኪናው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። «ቆመ?» ሲል ጠየቀ፤ ፊቱ ከነዓይኖቹ በደም ተሸፍኗል። «እህሉ አልፈሰሰም?»

«አልፈሰሰም» አለው ሙሉሃብት።

የሙጃ ሰው እህሉን በጀርባው ተሸክሞ አወረደ፤ ሸዕባንን በባዶ መኪና ወደ ደሴ ሆስፒታል ወሰዱት። መሪጌታ ወሬውን ሲሰሙ፣ መኪናው ያልተገለበጠው በእመቤታችን ነው ብለው አመሰገኑ። የውጭ እንግዶቹም ፎቶ አነሡ፤ መኪናውን ከኋላ በኩል። የወሩ ዘገባ «እህሉ በሰላም ደረሰ» አለ፤ ሐሰት አልነበረም፤ ያ ዘመን የተጫነውን ቆጠረ እንጂ የነዳውን አልጠየቀም።

ሙሉሃብት ቆቦ በሚወርድ ሾፌር ሁሉ ለሸዕባን ሚስት ለሂንድ ቃል ላከ፦ «ሸዕባን ያያል ወይ? ይህን ብቻ ንገሪኝ።» ሾፌሮቹ መልእክቱን ማድረሳቸውን ነገሩት። ክረምት ገባ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ መስከረም ጠብቶም ተከፈተ። ከሂንድ የመጣ ቃል ግን አልነበረም።