የተነቀለችው ሬዚስተር

መካ፣ ሚስፈላ ገበያ ውስጥ ሀሰና የማዳሟን ሕፃን ታቅፋ ቴምር ትመርጣለች። ላያት ሰው የቤት ሠራተኛ ናት። አዲስ አበባ ላሉት አለቆቿ ግን «ዋኖስ» ናት፤ ጂዳ ላይ የተተከለች ሰላይ።

ተማም መጥቶ ከጎኗ ቆመ። የሰርኪዩት ቦርድ ነዳፊ፣ የስለላ ባልደረባዋ፣ በድብቅ ኒካሕ ያሰረላት ባሏ።

ከኋላው አንድ ሰውዬ ቴምር ይቀምሳል።

አይገዛም።

ተማም አንድ ካርቶን ቴምር ዘንቢሏ ውስጥ ከተተ። «ለጋሽ ዳውድ አድርሺልኝ። ግን መጀመሪያ እዪው፤ የተበላሸ እንዳይኖርበት።»

«አንተስ?»

«ዛሬ እሱ መኪና ይልክልኛል። ኸላስ፣ ሂጂ በቃ። ፊ አማኒላህ።»

ዳውድ ጂዳ ያለው የሁለቱም አለቃ ነው። ለሽፋን ባላድ ገበያ ውስጥ የሞባይል ሱቅ ከፍቷል።

ማዳሟ ለዑምራ መጥታ ያረፈችበት ሆቴል ስትመለስ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። ከቴምሩ ሥር የሰርኪዩት ቦርዱ ወጣ። ተማም የሚሠራበት ኩባንያ ለአገር ቤት ሊሸጠው ያዘጋጀው የመገናኛ መሣሪያ ምስጢር እንደሚያሾልክ ማስረጃው ይኸው ነው። ሁለት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ርቀታቸው ሳይዛነፍ፣ ጎን ለጎን እስከ ተቀባዩ ቺፕ ይሄዳሉ። መጨረሻቸው ላይ ተቀምጣ ምልክቱን መዋጥ የነበረባት ትንሿ ሬዚስተር ግን የለችም።

ያቺ ከሌለች ፈጣን ምልክት ጫፍ ደርሶ ነጥሮ ይመለሳል። ተማም እሷን የሚረሳ ሰው አይደለም። የተስማሙበት የምስጢር ቋንቋ ነው፦ ከላኪው በኩል ከተነቀለች «ተይዣለሁ»፣ ከተቀባዩ በኩል ከተነቀለች «ተቀባዩ ከድቷል»።

ዳውድ ሸጧቸዋል። የጎን ውጋት።

እንዳትደውል የተማም ስልክ ተጠልፏል። እሱ ደግሞ ሁሉን አውቆ ዳውድ የሚልከው መኪና ውስጥ ሊገባ ነው፤ ቦርዱ ከአገር እስኪወጣ ዳውድ እንዳይጠረጥር። አለቀሰች፤ ሕፃኑም አብሯት አለቀሰ።

ጂዳ ሲመለሱ ከማዳም የተበላሸ ራውተር ውስጥ ቦርድ ነቅላ ከቴምሩ ሥር ሸጎጠች። እውነተኛውን ምስጢራቸውን የምታውቅ የአየር መንገድ ሠራተኛ፣ ፈለቀች፣ ወደ አዲስ አበባ ይዛው በረረች።

ባላድ ላይ ዳውድ ካርቶኑን በፈገግታ ተቀበላት። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ልጅ።»

«ተማምስ፣ ጋሽ ዳውድ?»

«በሰላም ወጥቷል። አታስቢ።»

«አላህ ዕድሜ ይስጥህ» አለችው። መመረቅ ነበረባት፤ መረቀችው።

ፈለቀች በተመለሰች ጊዜ ገበያ መሀል አልፋት ስትሄድ «ዕቃው ደርሷል» አለቻት። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ተማም ግን በረሃው መንገድ ላይ ሞቶ ተገኝቷል።»

ባል የሞተባት ሴት ዒዳ፣ የአራት ወር ከአሥር ቀን ሐዘን፣ ትቀመጣለች፤ አትኳልም። ጎረቤት ይመጣል፣ ያጽናናታል። ሀሰና ግን በወረቀቷ ያላገባች ናት። ሳህን አጠበች፣ ልጅ አስተኛች። መኳል ብቻ ተወች።

ማዳም አስተዋለች። «ዓይንሽ ምነው? ኩልሽስ?»

«አልቆብኝ ነው፣ ማዳም።»

ማዳም ከራሷ አውጥታ ሰጠቻት። ሀሰና አመስግና ኪሷ ከተተችው።