ያልተደገመው ጉርሻ

ደርዊሽ የሞተው ሹካውን እንደያዘ ነው። ኢንስፔክተር ሉላ አቃቂ ካለው ብሬመን ምግብ ቤት ስትደርስ ሬሳው በጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኗል፤ ግማሽ ዓሣ ሳህኑ ላይ ቀርቷል። የቤቱ ጌታ ፀሐዩ ጀርመን አገር ሃያ ዓመት ወጥ ቤት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። የአሳማ ሥጋ የሌለበት የጀርመን ምግብ ቤት ሲከፍት ያልሳቀበት አልነበረም፤ በኋላ ግን የሳቀው ሁሉ ለቋሊማው ተሰለፈ። ያን ዕለት በካቴና ታስሮ በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ሲሞት ወጥ ሠሪውን ማሰር ለፖሊስ ቀላል ነው፤ ሉላ ደግሞ ቀላል ነገር አይጥማትም።

ከሟቹ ጋር የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሚስቱ ላጢፋ፣ የሳሪሱ ባለሱቅ ሙህዲን፣ የብረታ ብረት ሠራተኛው ወልደሚካኤል። ወንዶቹ የሃያ ዓመት ጓደኛሞች ናቸው። ቀኑ ዓርብ ነበርና ለሁለቱ ጁምዓ እንዲያልፍ፣ ለወልደሚካኤልም ጾም መፍቻው እንዲደርስ ብለው ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጣጠሩ። ዓርብ ሲገናኙ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

«ምን በላችሁ?» አለች ሉላ።

«ሦስታችን ዓሣ በድንች» አለ ሙህዲን። «ወልዴ ጾመኛ ስለሆነ ኮምጣጣ ጥቅል ጎመን አዘዘ። ሁላችንም በየሳህናችን ነው የበላነው።»

«ደርዊሽ ጎመኑን ቀምሷል?»

«ኮምጣጣ አይነካም» አለች ላጢፋ። «እስር ቤት ጨጓራውን ጨርሶታል።»

«ለምን ታሰረ?»

ላጢፋ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሙህዲን መለሰላት። «ከሰባት ዓመት በፊት ገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ አንዲት ተማሪ በጭነት መኪናው ገጭቶ ገደለ። አራት ዓመት ታሰረ። አሁን ሐጅ ሊሄድ ነበር፤ ወልዴ ለሽኝት ጋበዘን። በዚህ ሳምንት ‹እሑድ የልጅቷ እናት ዘንድ ሄጄ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ካላልኳት ሐጄ ምን ይሆናል?› ብሎን ነበር።»

«ልጆቼን ዛሬም ‹የገዳይ ልጆች› ይሏቸዋል» አለች ላጢፋ፣ ወለሉን እያየች።

«ወንድሜ ነበር» አለ ወልደሚካኤል፣ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ። ሉላ እንባውን አመነችው። አጭር ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወለሉን በጫማው ጫፍ ብቻ ይነካል።

«ሲወድቅ ማን አጠገቡ ነበር?»

«እኔ ጓዳ ገብቼ የአስር ሶላት እሰግድ ነበር» አለ ሙህዲን። «ጓዳው ከአንድ ሰው በላይ ስለማይዝ ደርዊሽ ተራ ይጠብቅ ነበር። ላጢፋም ልጆቿ ደውለውላት በረንዳ ወጥታ ነበር።»

«እኔ ከወጥ ቤት ስወጣ አቶ ወልደሚካኤል እጃቸውን ይታጠባሉ» አለ ፀሐዩ። «ሌላ ያየሁት የለም፤ እመኑኝ።»

በአምስተኛው ቀን ሉላ ሁሉንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፀሐዩንም ከነካቴናው አመጡት።

«መርዙ በደርዊሽ ሳህን የለም፤ በብርጭቆውም፣ በወጥ ቤቱም የለም። ሆዱ ውስጥ ግን አለ» አለች። «ሐኪሙ ደግሞ በጥርሱ መሃል የጥቅል ጎመን ክር አገኘ። ጨጓራው የታመመ ሰው ኮምጣጣ ጎመን መቼ ይበላል? እምቢ ሊለው የማይችለው ሰው ሲያጎርሰው ነው። በሹካ የሚበላ ሰው ደግሞ ምግቡን አቋርጦ እጁን ሊታጠብ አይነሣም። እርስዎ ግን ተነሥተዋል፣ አቶ ወልደሚካኤል።»

«አጎረስኩት! ታዲያ ምን አለበት? አንዴ አጎረስኩት፤ ወንድሜ አይደል?»

ሙህዲን ቀና አለ። «አንዴ? ወልዴ፣ አንተ እኮ ስታጎርስ ከሦስት ወርደህ አታውቅም። በቃኝ ብንልህ እንኳ ምለህ ተገዝተህ ነው የምታጎርሰን።»

ወልደሚካኤል ቀኝ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተ።

«ቧንቧው ሥር ካለው ቅርጫት እጅዎን የጠረጉበትን ሶፍት አግኝተናል» አለች ሉላ። «ጎመንም መርዝም አለበት። ምክንያቱን ያገኘሁት የአደጋው መዝገብ ውስጥ ነው። ያን ቀን የሾፌሩ ወንበር እስከ መሪው ድረስ ወደፊት ተስቦ ነበር ይላል። ደርዊሽ ቁመተ ረጅም ነው፤ እዚያ ጉልበቱ አይገባም። ግን ‹እኔ ነኝ› ስላለ የጠየቀ የለም። መኪናውን ይነዳ የነበረው አጭር ሰው ነው።»

«ጠጥቼ ነበር» አለ ወልደሚካኤል። «መንጃ ፈቃድም አልነበረኝ። ሚስቴ አራስ ነበረች። ‹መሪውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ› ብሎ ታሰረልኝ። እሑድ ግን ስሜን ለልጅቷ እናት ሊነግራት ነበር። ልደግመው ስል… እጄ እምቢ አለኝ።»

«ስምህን ሊነግራት?» አለች ላጢፋ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ ነኝ እግሩ ላይ ወድቄ የለመንኩት፤ ‹እውነቱን ንገራት፣ ለልጆችህ ስምህን አጥራላቸው› ብዬ። ‹የወልዴ ልጅም አባቱን እስር ቤት ሄዶ ይጠይቅ?› አለኝ። እሑድ የሚሄደው ‹የገደልኳት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ› ሊላት ነበር። እኔንም አደራ ብሎ ዝም አሰኘኝ።»

ወልደሚካኤል ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«አልቅሰህ አትገላገልም» አለች ላጢፋ። «ሄደህ ለእናትየዋ ባሌ ልጅዋን እንዳልገደለ ንገራት። ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነገር የለም።»

ሉላ ካቴናውን ከፀሐዩ እጅ ፈታችና ወልደሚካኤልን «እጅህን አምጣ» አለችው። ግራውን ወዲያው ሰጣት፤ ቀኙን ግን ራሷ ይዛ መሳብ ነበረባት።