ሽታቸው የተለወጠ አሥራ አንድ ሸክላዎች

ሰይዶ ጀማል የሞተው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ አብዛኛው የቡታጅራ ሰው ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ከኖረው የዘፈን ሸክላ መደርደሪያ ሥር። ሚስቱ ሀጀራ ከገበያ ስትመለስ በጀርባው ተዘርሮ አገኘችው። የሚቆምበት ዱካ ተገልብጧል፤ ጭንቅላቱ የብረት ሳጥኑን ጠርዝ መትቷል። ጎረቤት ተሯሩጦ ሲገባ፣ «ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ምን ዱካ ላይ አወጣው!» ተባለ፤ ተለቀሰም።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን በሁለቱም ክንዶቹ ላይ የጣት ምልክት አገኘ። ሰውየው ተገፍቷል። ደግሞም ወዲያው አልሞተም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነፍሱ ውስጡ ነበረች።

ከቀብር መልስ ሀጀራ በእንባዋ መሀል አንድ ስም ጠራች። «ሄኖክ ነው። ሮብ ዕለት ሰይዶ ሲጮኽበት ሰምቻለሁ።» ሄኖክ ሬዲዮና ማጫወቻ ጠጋኝ ነው፤ የወልቂጤ ልጅ፣ ቡታጅራ ላይ ትንሽ ወርክሾፕ ያለው። ሐሙስ ጠዋት ከዚያ ቤት ሲወጣ ታይቷል። ፖሊሶች ከወርክሾፑ ወሰዱት። ሚስቱ ሰብለ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ የታሰረበት በር ላይ ተቀምጣ አልሄድም አለች። ሰኞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

ኢንስፔክተር ትርንጎ በሌላ ጉዳይ መስቃን ገጠር ከርማ ቅዳሜ ስትመለስ መዝገቡ ጠረጴዛዋ ላይ ጠበቃት። ትርንጎ ሃምሳን የተጠጋች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት፤ አንድ ጥያቄ ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ ሰው ደግሞ ዝምታ አይችልምና ያወራል። ረዳቷን ሳጅን ሸረፋን አስከትላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች።

የሸክላው ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበላት ሽታው ነው። የቆየ ካርቶን፣ የደረቀ ቃጫ፣ ትንሽ ሰም፣ ፀሐይ ያሞቀው ጎማ፤ ሁሉም አንድ ላይ። ሰይዶ እነዚህን የለቀመው በእግሩ ዞሮ ነው። አንዱን ከጉንችሬ በፍየል ለውጦ አመጣ፤ ሌላውን ለማግኘት እምድብር አንድ ሽማግሌ ደጅ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ባገኘ ቀን ቤት እስኪደርስ አይታገስም፤ መንገድ ላይ አውጥቶ ወደ አፍንጫው ያስጠጋው ነበር።

«ይሄን ክዳን ማን ዘጋው?» አለች ትርንጎ ማጫወቻውን እያየች።

«ማንም አልነካም፤ ሐሙስ ስንገባም እንዲሁ ነበር» አለ ሸረፋ።

መርፌውን የያዘው የማጫወቻው ክንድ ማረፊያው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ ሸክላ በወረቀቱ ተጠቅልሎ፣ አቧራ እንዳይገባበት የወረቀቱ አፍ ወደ ጎን ዞሮ፣ ካርቶኑ ውስጥ ገብቷል። ጥግ ላይ ደግሞ አሥራ አንድ ሸክላዎች ለብቻቸው ተለይተው ተደርድረዋል። ትርንጎ አንዱን አውጥታ አሸተተችው። ከሱቅ የወጣ አዲስ የላስቲክ ጫማ ይሸታል።

የሰይዶ ጎረቤት ከድጄ በርበሬ ነጋዴ ናት። ጓሮዋ ከሸክላው ክፍል የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው።

«እኔ ዘፈን አልሰማም» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ግድግዳው ነው የሚያሰማኝ።»

«ሐሙስ ዕለት ግድግዳው ምን ዘፈነ?»

ከድጄ ሳቅ አመለጣትና አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «ያቺን የክራሯን የሠርግ ዘፈን። ለማንም አያውሳትም። ሃያ ዓመት ስሰማት በቃሌ ይዣታለሁ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። ዕቃ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ከዚያስ?»

«ዘፈኑ ነጠር ነጠር አለና ቀጠለ። ሦስተኛው አዝማች ሳይደርስ ቀጥ አለ።»

«መብራት ሄዶ ይሆን?»

«ኸረ ማዶ ወፍጮው ሲፈጭ ነበር!»

ትርንጎ ዝም አለች። ከድጄም አልቻለችም፤ ቀጠለች። «ብቻ ሰይዶ ሰሞኑን ተለውጦ ነበር። ማክሰኞ በርበሬ ስቆላ ያስነጥሰው ጀመር፤ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ‹ከድጄ፣ በርበሬሽ ሸተተኝ!› አለኝ። እንባው ዱብ ዱብ ይላል። በርበሬ ማንን አያስለቅስ ብዬ ሳቅኩበት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ሌላ የተለወጠ ነገር አለ?»

«ሸክላዎቹም። ድሮ እንደሚቆላ ሽምብራ ጠሽ ጠሽ ይሉ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ብዙዎቹ ጸጥ አሉ። ምነው ብለው፣ ‹ታጥበው ነው› አለኝ።»

ሄኖክ ሦስት ቀን ባልተቀየረ ሸሚዝ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ሰብለ በልታለች?» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ።

«በልታለች። ሮብ ዕለት ለምን ጮኸብህ?»

«አሥራ አንዱን ለይቶ ‹ማነው የለወጠብኝ?› አለ። በብርሃን ሳያቸው እውነትም አዲስ ሥራ ናቸው፤ የድሮው ካርቶን ውስጥ የገቡ። እኔ ከዚያ ቤት ማጫወቻ እንጂ ሸክላ ይዤ ወጥቼ አላውቅም። ሐሙስ ጠዋት ራሱ ደውሎ ጠራኝ። ‹ልጄ፣ አንተን መጠርጠሬ ይቅር በለኝ› አለ። የማጫወቻውን ላስቲክ ቀየርኩለትና ወጣሁ።»

«ማንን እንደጠረጠረ ነገረህ?»

«‹ሰው እየጠበቅሁ ነው› ብቻ። ፊቱ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይመስል ነበር።»

«ዓይኑ ታሟል። በምን አወቀ?»

«በአፍንጫው ነዋ! ሸክላ አሽትቶ ከየት ቤት እንደመጣ ይነግርዎታል።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ሲለወጥበት አፍንጫው የት ነበር?»

«እሱን አላውቅም» አለ ሄኖክ።

የሟቹ የወንድም ልጅ ዑመይር ክፍሉን የስልክ መሸጫ ሊያደርገው ይፈልግ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ኢንስፔክተር፣ ሙዴ አይደለም» አለ ትከሻውን ሰብቆ። «እኔ ዘፈን በስልኬ ነው የምሰማው። ያን ሁሉ ጎማ ምን ላድርገው?» ስለ አጎቱ አፍንጫ ሲጠየቅ ግን ዓይኑ ረጠበ። «ሲጋራ ካጨስኩ ከበር ላይ ይይዘኝ ነበር። አሁን አሁን እንኳን ዝም ይለኝ ጀምሮ ነበር፤ አረጀና ማረኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከሀጀራ ወንድሞች ጎን፣ ኡበይድ ተቀምጧል። የወልቂጤው ኡበይድ የሰይዶ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነው። እሱም ሸክላ ሰብሳቢ ነው። በየሐሙሱ በሚኒባስ ይመጣል፤ አንድ ሸክላ አውሶ፣ አንድ ተውሶ ይመለሳል። በዚያ ሁሉ ዓመት የሐሙስ ምሳውን ከሀጀራ እጅ በልቷል።

«ያለፈው ሐሙስስ?» አለች ትርንጎ።

«ወገቤን አሞኝ ወልቂጤ ተኝቼ ነበር። መርዶው እዚያው ደረሰኝ። ብመጣ ኖሮ… ያ ጠጋኙ ልጅ ክፉ አይመስለኝም ነበር፣ ኢንስፔክተር። ግን ሰው ነው፤ ተፈተነ። ሰይዶ ዓይኑ አያይ፤ አፍንጫው ካልሰራ ሁለት ዓመቱ። እንደዚህ ያለ ሰው ቢለውጡበት በምን ያውቃል?»

ትርንጎ የቀረበላትን ውኃ ቀስ ብላ ጠጣች፤ «አላህ ያጽናዎት» ብላ ተነሳች። በቀጥታ ሴቶቹ ወዳሉበት ጓዳ አለፈች።

«እማ ሀጀራ፣ ባልዎ ማሽተት አቅቷቸው ያውቃል?»

«ሰይዶ?» ሀጀራ በሐዘኗ መሀል ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «ወጡ ሳያርር በፊት ከሳሎን ሆኖ ‹አረረ› የሚል ሰው!» ከዚያ አሰበች። «ያ ክፉ ጉንፋን ካመመው ወዲህ ግን… ብቻ ለእኔ ምንም አላለኝም።»

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ሸክላው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሀጀራ፣ ዑመይር፣ ከድጄ፣ ኡበይድ፣ በሁለት ፖሊስ መሀል ሄኖክ። ሀጀራ ሄኖክን ስታይ ፊቷን አዞረች። ሳጅን ሸረፋ ከላይኛው መደርደሪያ የሆነ ነገር ሊያወርድ ዱካው ላይ ወጣ። ትርንጎ የክራሯን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠች።

«ከድጄ፣ ሐሙስ የሰማሻት ይቺ ናት?»

«እሷው ናት፤ አላህ ይርሀመው።»

ዘፈኗ ጠሽ ጠሽ እያለች ጀመረች፤ ሁለተኛው አዝማች ደረሰ። በዚህ መሀል ሳጅን ሸረፋ ከነዱካው ተምዘግዝጎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቤቱ ተናጋ፤ መርፌው ዘለለ።

«ያ አላህ!» አለች ሀጀራ። ከድጄ ጮኸች። ሄኖክ ፖሊሶቹን ጥሶ የሳጅኑን ጭንቅላት በእጁ ደገፈ። ዑመይር፣ «ውኃ! ውኃ አምጡ!» እያለ ወደ በሩ ሮጠ።

ዘፈኑ ቆመ።

ኡበይድ ማጫወቻው ጋ ነበር። መርፌውን አንስቶ ክንዱን ማረፊያው ላይ አሳርፏል። ሸክላውን በሁለት መዳፉ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ እፍ አለበት፤ በወረቀቱ ጠቀለለው፤ የወረቀቱን አፍ ወደ ጎን አዙሮ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው፤ ክዳኑን ዘጋ። ቀና ሲል ሁሉም ያዩታል። ሳጅን ሸረፋም ከሄኖክ ጭን ላይ ሆኖ ያየዋል።

«ተነስ ሸረፋ» አለች ትርንጎ።

«ክርኔ ግን የምር ተላጠ» አለ ሳጅኑ እየተነሳ። የሳቀለት የለም።

«ሐሙስ ዕለትም እንዲሁ ነበር» አለች ትርንጎ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ሰውየው ከወደቀ በኋላ ዘፈኑ ቀጥሎ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው አቆመው። የወደቀ ሰው ተነስቶ ሸክላ አይጠቀልልም። ዑመይር ቢሆን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ሄኖክ እጁ የት እንደሄደ አሁን አይታችኋል። ሰው ወድቆ እያየ እጁ ወደ መርፌው የሚሄደው ሰብሳቢ ብቻ ነው፤ አስቦት አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ለምዶት ነው።»

«ልማድ ወንጀል ነው?» አለ ኡበይድ።

«አይደለም። አሁን ወደ አሥራ አንዱ እንምጣ። አቶ ሰይዶ ዓይናቸው ከተጋረደ ወዲህ ሸክላ የሚለዩት በሽታ ነበር። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ማንም ደፍሮ አይለውጥባቸውም፤ አፍንጫቸውም እንደጠፋ ከሚያውቅ ሰው በቀር። ሚስታቸውን ጠየቅሁ፤ አታውቅም። ዑመይር አያውቅም፤ ሄኖክ አያውቅም። ሁለት ዓመቱን ቆጥረው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ሀጀራ ቀስ ብላ ወደ ኡበይድ ዞረች።

«በውሰት እየወሰዱ በድሮው ካርቶን አዲስ የታተመ ቅጂ መለሱ» አለች ትርንጎ። «ለምን ጠሽ ጠሽ አይልም ሲባሉ፣ ‹አጠብኩልህ› አሉ። ግን ማክሰኞ የከድጄ በርበሬ አፍንጫቸውን ቀሰቀሰው። ደስታቸው አንድ ቀን አልሞላም፤ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አሸተቱ። መጀመሪያ የጠረጠሩት ሄኖክን ነበር። ሲያስቡት ግን አሥራ አንዱም እርስዎ ጋ ደርሰው የተመለሱ ናቸው። ሐሙስን ጠበቁ። ወገቤን አሞኝ ተኛሁ ያሉት ሐሙስ፣ የሚኒባሱ ረዳት ከወልቂጤ ጭኖ እዚህ አውርዶዎታል። የወልቂጤ ፖሊስም ዛሬ ጠዋት ቤትዎን ፈትሾ አሥራ አንዱንም አግኝቷል። አንዱም አልተሸጠም።»

ኡበይድ የሸክላውን ካርቶን አሁንም ደረቱ ላይ እንደያዘ ነው። «ለመሸጥ አልነበረም» አለ። «እሱ እኮ አያይም። አያሸትም። ያ ሁሉ ሀብት ተደርድሮ ለማን ነው? እኔ ሸክላውን ሳሸት ጉንችሬ፣ እምድብር፣ አብረን የዞርንበት መንገድ ሁሉ ይመጣልኛል። ለእሱ ግን ሞተው ነበር። አንዱን ወስጄ አለመጎዳቱን ሳይ ሌላውንም ወሰድኩ። ሐሙስ ዱካው ላይ ወጥቶ ያልተለወጡትን ካርቶኖች እያወረደ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋቸው። ‹አሽት! አንተም አሽት!› አለኝ። ክንዱን ያዝኩት። ገፋሁት። እንዲወድቅ አልፈለግሁም።»

ሀጀራ ተነስታ ፊቱ ቆመች። ቁመቷ እስከ ትከሻው ነው።

«ለእኔ፣ ለሚስቱ ያልነገረኝን ለአንተ ነገረህ» አለች። «አፈረና ከእኔ ደበቀው፤ አንተን አመነህ። በዚህ ነው የሰረቅከው?»

ሀጀራ አንድ እርምጃ ቀረበችው።

«ግማሽ ሰዓት ነፍስ ነበረበት ብሎኛል ሐኪሙ። ሸክላውን ስትጠቀልል ምን አለህ?»

«ሀጀራ፣ ተይኝ።»

«ምን አለህ ኡበይድ?»

«ስሜን ጠራኝ» አለ፤ ሊሰማ በማይችል ድምፅ። «ሁለት ጊዜ።»

«አንተስ?»

«መርፌው እየዘለለ ነበር። ሸክላው ሊቧጨር ሆነ። መጀመሪያ እሱን… ከዚያ ስዞር ደሙን አየሁና ፈርቼ ወጣሁ።»

ሀጀራ ካርቶኑን ከደረቱ ላይ ወሰደች። ልትወረውረው መስሏቸው ነበር፤ አልወረወረችውም። ለዑመይር አቀበለችው። «አውጪው» አለች ትርንጎን፤ ስለ ሸክላው ይሁን ስለ ሰውየው ማንም አልጠየቀም። ሳጅን ሸረፋ ኡበይድን ክንዱን ይዞ አስወጣው።

ሄኖክ ፈጽሞ የተረሳ ይመስል በሩ አጠገብ ቆሟል። ትርንጎ ቀረብ ብላ «ነጻ ነህ፤ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ» አለችው። ሀጀራ ሰማች። ሦስት ቀን ሙሉ ፊቷን ያዞረችበትን ልጅ አሁን ልታየው ግድ ሆነባት።

«ልጄ» አለች፤ «ያስያዝኩህ እኔ ነኝ። ቤቴ እንደ ልጅ ስትገባ ስትወጣ ኖረህ፣ ኡበይድን ወንድሜ ነው ብዬ አንተን አሳልፌ ሰጠሁ። ተቀመጥ፤ ምሳ ሳትቀምስ አትውጣ። ይቅር በለኝ።»

ሄኖክ ብዙ ሊል ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ሦስት ቀን የተኛበት ሲሚንቶ፣ የሰብለ ያበጠ እግር፣ ከወርክሾፑ ይዘው ሲያወጡት ከሰፈሩ ሰው አንድ እንኳ «እሱ አይደለም» ያለለት አለመኖሩ።

«እማ ሀጀራ፣ አሁን አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ሰብለ ጋ ልድረስ። ሌላ ቀን።»

«ሌላ ቀን» አለች ሀጀራ እየተቀበለችው፣ መቼ ብላ ሳትጠይቅ። ከበሩ ሲወጣ እርምጃው መሮጥ ሆነ፤ እሷም ለምሳው ያነሳችውን ሳህን እንደያዘች፣ መንገዱን ተሻግሮ በአስፋልቱ ጥግ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው።