የማመሳከሪያው ክፍል

ሐመልማል የቀራት አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ዛሬ ዓርብ የመጨረሻ ቀኗ ነው፤ ሰኞ ሐዋሳ አዲስ ሥራ ትጀምራለች። ፋይሉን ሳትጨርስ ግን የመልቀቂያ ክሊራንሷ አይፈረምም፤ ክሊራንስ ካልያዘች ደግሞ አዲሱ መሥሪያ ቤት አይቀበላትም።

ቃሊቲ ባለው በዚህ አስመጪ ድርጅት ማንኛውም ሰነድ ወደ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት በሁለት ሰው ይመሳከራል። አዛውንቱ ባልደረባዋ ጋሽ ይርዳው ክፍሎቻቸውን ከሚለየው የቺፑድ ግድግዳ ወዲያ ተቀምጠው ዋናውን ያነባሉ፤ እሷ ከወዲህ ቅጂውን በዓይኗ እየተከተለች «ልክ ነው» ትላለች። ይህን ካልሰሙ ወደሚቀጥለው አይሻገሩም። ግድግዳው የተሠራው አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ እንዳይስማማ ነው። ክፍሏ ጠባብ ቢሆንም ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ ወደ መጋዘኑ ግቢ ያያል፣ ሌላው የከባድ መኪኖችን ጩኸትና የናፍጣ ሽታ ከመንገዱ እየተቀበለ ያስገባል።

የዛሬው ፋይል የድርጅቱ ሕንፃዎች ዝርዝር ነበር። መጋዘን፣ የዘበኛ ቤት፣ የውኃ ታንከር ማማ። ሐመልማል ቅጂውን ትታ በስልኳ የሐዋሳ ኪራይ ቤቶችን ታይ ጀመር፤ «ልክ ነው»ንም ሽማግሌው አንብበው ሳይጨርሱ ትጥለው ነበር።

«አፍሽ ከዓይንሽ ይቀድማል፣ አንቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ይርዳው እየሳቁ።

«መኪና እንዳያመልጠኝ ነው። ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። ዝርዝሩ እሷ ያለችበት ክፍል ላይ ደረሰ። ወለሉ ጣውላ፤ ልክ ነው። ጣሪያው ኮርኒስ፤ ልክ ነው። መስኮት አንድ፤ ልክ ነው።

የመኪኖቹ ጩኸት ቀጥ አለ። ክፍሉም ፀሐይ ደመና ውስጥ ስትገባ እንደሚሆነው ደብዘዝ አለ። ሐመልማል ቀና ስትል በመንገዱ በኩል መስኮት አልነበረም፤ ኖራው የወየበ፣ ማዕዘኑ ላይ ድር ያደራበት፣ ዓመታት ያስቆጠረ እርጥበት የሚሸት ግድግዳ ነበር። ቅጂውን ተመለከተች። አንድ ይላል።

ተማሪ ሳለች የሰው ዓይን ሲደክም ምን እንደሚፈጥር ተምራለች። ስልኳን አስቀምጣ፣ ዓይኗን አሽታ እንደገና አየች። ግድግዳ ነው።

«ጋሽ ይርዳው፣ የኔ ክፍል ስንት መስኮት ነው ያለው?»

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማች። «አንድ አልሽኝ እኮ፣ ልጄ።»

ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። የባሰ ያስፈራትም እሱ ነው። ቦርሳዋን አንስታ ልትነሳ ስትል የቀረው መስኮት በብሎኬት የተደፈነ መሆኑን ሲያነቡ ሰማች፤ «ልክ አይደለም» ለማለት አፏን ከፈተች። ቃሉን ከተናገረችው ወራት አልፈዋልና ምላሷ ተሳሰረ።

«ልክ ነው» አለች አንዲት ሴት፣ ከቺፑዱ ወዲያ።

ጨለማው እንደ ጆንያ ከላይ ወረደ። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው፤ ቅድም እያንዳንዱን ትንፋሽ ያሳልፍ የነበረው ስስ ቺፑድ አሁን ድምፅን ከጉድጓድ አፍ እንደሚመጣ አድርጎ ያደርስ ጀመር። እየተደናበረች፣ ወንበሩን እየገለበጠች ወደ በሩ ሮጠች። እጀታው እጇ ገባ፤ ቀዝቃዛ፣ የታወቀ፣ እውነተኛ ብረት ነበር። ጨበጠችው።

«በር፣ የለም» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«ልክ ነው፣ ይቀጥሉ» አለች ያቺ ሴት። ለመሄድ የቸኮለች፣ የሰለቻት ሴት።

ጣቶቿ ተጨባበጡ፤ መሐላቸው ምንም አልነበረም። መዳፏ ሻካራ ልስን ነካ። በጡጫዋ ደበደበችው፤ ኮረብታ እንደመደብደብ ነበር። የጋሽ ይርዳውን ስም ደጋግማ ጠራች፤ የራሷ ድምፅ ከአፏ ሳይርቅ እየወደቀ ቀረ።

ወዲያ በኩል ወረቀት ተሰበሰበ፤ ማኅተም ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

«በይ ይቅናሽ፣ ሐመልማል። ሐዋሳ ስትደርሺ ደውይልኝ» አሉ ሽማግሌው፤ ሴትዮዋም በሐመልማል ሳቅ ስቃ፣ አመስግናቸው፣ መኪና እንዳያመልጣት ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።